ወሮታ የሚከፈልበት ውስኪ፦ እምብዛም ለማይጠጣ ሰው ምን ይገዛል?

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" እንዲሉ፣ ለስጦታ የሚሆን ውስኪ ከመግዛት በፊት ስለ ውስኪ ጥቂት ማወቅ ይቀድማል። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ፣ በወረታ መፈልፈያዎች በር ላይ ጆንያው ተደርድሮ፣ የገበሬው፣ የደላላውና የነጋዴው ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ጥር ይገባል። ጥር የሰርግ ወር ነው። የወሮታ መክፈያ ወርም ነው። ለብድሩ ዋስ የሆነ ዘመድ፣ በሽርክና መካከል የተነሳውን ጠብ በሽምግልና ያበረዱ አባት፣ መጋዘኑን ያለ ቀብድ የሰጠ ወዳጅ ሁሉ በዚህ ወቅት ይታወሳሉ። ለእነዚህ ሰዎች ምን ይዞ መሄድ ይሻላል የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ በከተማው ነጋዴ ዘንድ የተለመደው መልስ "አንድ ውስኪ" የሚል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ የተከበሩ ሰዎች ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ካልሆነ በስተቀር ጠንካራ መጠጥ አይቀምሱም። ገዥው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በሱቁ ካለው ሁሉ ውድ የሆነውን ወይም እሱ ራሱ የሚወደውን ነው። ውጤቱም ይታወቃል። ጠርሙሱ ቡፌ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይለብሳል፤ አለዚያም ለሌላ ሰርግ ስጦታ ሆኖ ይተላለፋል፤ ከተከፈተም አንድ ጉንጭ ተቀምሶ ፊት ተኮሳትሮ ይከደናል። ብዙ ሺህ ብር የወጣበት ምስጋና ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

እምብዛም ለማይጠጣ ሰው "ጥሩ ውስኪ" የሚባለው ከሁሉ ውድ የሆነው አይደለም። ለምላስ የሚለሰልስ፣ ጭስ የማይበዛበት፣ መጠኑ የተመጠነና ምንጩ የታወቀ ጠርሙስ ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው እውቀት ከሩዝ ገበያው እውቀት አይከብድም።

ከጠርሙሱ በፊት ተቀባዩ

"እምብዛም አይጠጣም" የሚባል ሰው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት ጨርሶ የማይጠጣ ነው። ለሙስሊምና ለጴንጤ ቤተሰብ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የጉበት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ውስኪ ይዞ መሄድ ስጦታ ሳይሆን ድፍረት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ንጹሕ ማር፣ ጥሩ ቡና ወይም ጋቢ ያስከብራል። በኦርቶዶክስ ቤትም ቢሆን ሁዳዴ ከገባ ጠርሙሱን ለፋሲካ ማቆየቱ ይመረጣል።

ሁለተኛው በበዓልና በሰርግ ብቻ ጥቂት የሚቀምስ ነው። ሦስተኛው ጠላና ጠጅ የለመደ፣ ከፋብሪካ ጠንካራ መጠጥ ጋር ግን ያልተዋወቀ ሰው ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ውስኪ መምረጥ ይቻላል። የሚጠቅመው መረጃም "ምን ይወዳል?" የሚለው ነው። ጠጅ ወዳድ የሆነ ሰው ማር ማር የሚል፣ ጣፋጭነት ያለው ውስኪ ይቀበላል። ቢራ የለመደ ቀለል ያለውን ይወዳል። የሩዝ አረቄ የሚያውቅ የፎገራ ሰው በጥንካሬው ባይደነግጥም፣ ጉሮሮ የሚያቃጥለውን ለእንግዳ አያቀርብም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይገባል። ጉዳይ ለሚያስፈጽም የመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጥ ውስኪ ወሮታ አይባልም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚመለከተው ነገር ነውና ነጋዴው ከዚህ መራቅ አለበት።

ጽሑፉን እንደ ሩዝ መመርመር

ሩዝ ገዥ የተፈለፈለውን ሩዝ መዳፉ ላይ አፍስሶ ስባሪውን፣ ቀለሙንና ጠጠሩን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። ውስኪ ግን ታሽጎ ስለሚሸጥ መዳፍ ላይ አይፈስስም። የሚመረመረው ጽሑፉ ነው።

"ስኮች ውስኪ" የሚል ጽሑፍ በሕግ የተወሰነ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የብሪታንያ ደንብ መሠረት፣ ስኮች ለመባል በስኮትላንድ ተጣርቶ፣ በዚያው አገር ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል የተቀመጠና የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት።

"ሲንግል ሞልት" የሚለው በአንድ ማጣሪያ ቤት ውስጥ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ማለት ነው። "ሞልት" ማለት ጠላ ጠማቂዎች ሁሉ የሚያውቁት ብቅል ነው። "ብሌንድድ" የሚለው ደግሞ የብቅል ውስኪ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ከተሠራ ቀለል ያለ ውስኪ ጋር የተቀላቀለበት ነው።

ብዙ ገዥዎች "ቅልቅል" ሲባል የተበረዘ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በፎገራ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል፤ ያንን እንጀራ ሐሰተኛ የሚለው የለም። ድብልቁ የራሱ መልክና ልስላሴ አለው። ውስኪም እንደዚያው ነው። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ስኮች አብዛኛው ብሌንድድ ነው፤ ብቅሉ ጣዕሙን ሲሰጥ ሌላው እህል ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ለጀማሪ ምላስ ጥሩ ብሌንድድ ከከባድ ሲንግል ሞልት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የአየርላንድ ውስኪ ሌላው አማራጭ ነው። ጀምሰንና ቡሽሚልስን የመሳሰሉት ሦስት ጊዜ የሚጣሩ ሲሆኑ፣ ስኮትላንዶች በአብዛኛው የሚያጣሩት ሁለት ጊዜ ነው። ተራ አረቄንና ዳግም አረቄን የሚያውቅ ሰው "ሦስት ጊዜ ከተጣራማ እሳት ነው" ብሎ ሊፈራ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ማጣሪያው በተደጋገመ ቁጥር ከባዱ ጣዕምና ሽታ እየቀነሰ ይሄዳል። አልኮሉ ቢጨምርም ከመታሸጉ በፊት በውሃ ወደ 40 በመቶ ስለሚወርድ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከሌላው አይጠነክርም፤ ይለሰልሳል።

የአሜሪካው ቦርበን ደግሞ ከሚሠራበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ይቀመጣል። ከዚህ የተነሳ የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ጣፋጭነት ይኖረዋል። ጣፋጭ ለሚወድ ሰው ይስማማል።

የጭስ ነገር

ገዥን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ጭስ ነው። በስኮትላንድ አንዳንድ ማጣሪያ ቤቶች ብቅሉን የሚያደርቁት "ፒት" በሚባል ነገር ጭስ ነው። ፒት በረግረግ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተከማችቶ የበሰበሰ የእፅዋት ቅሪት ነው፤ ተቆርጦ ይደርቅና እንደ ኩበት ይነድዳል። አይላ ከምትባለው ደሴት የሚመጡት ላፍሮይግ፣ አርድቤግና ላጋቩሊን በዚህ ጭስ የታወቁ ናቸው። አዋቂዎች ይወዷቸዋል፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው።

የጠላ ጋን በወይራ መታጠኑን የሚያውቅ ሰው "ጭስማ ለምደነዋል" ሊል ይችላል። ሆኖም የወይራ ጭስ የዋህ ነው። የፒት ጭስ ግን የአዮዲንና የሆስፒታል ሽታ የሚያስታውስ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የተበላሸ መጠጥ የተሰጠው ሊመስለው ይችላል። ውድ ሲንግል ሞልት ገዝቶ ሽማግሌን ማስኮሳተር የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችን ስሙ ከሁሉ በላይ የታወቀው ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል ጥቂት ጭስ አለው። ስሙ ክብር ስላለው ለስጦታ ይመረጣል፤ በውሃ ለሚጠጣ ሰውም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ጭስ ጨርሶ ለማይለምድ ሰው ሺቫስ ሪጋል 12 ወይም ጀምሰን ይበልጥ ይለሰልሳል። ሲንግል ሞልት መስጠት ለሚፈልግ ደግሞ ግሌንፊዲክ 12 እና ግሌንሊቬት 12 ፍራፍሬ የሚሸትቱ፣ ቀላልና ጭስ የማያጠቃቸው ናቸው። ለጠጅ ወዳድ ሰው ዳልዊኒ 15 በማር ማር ባይ ጣዕሙ ይታወቃል። በወረታ ሱቆች ሁሉም ላይገኙ ይችላሉ፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው እንዲያመጣ ማዘዝ ይቻላል።

ዓመቱና ዋጋው

ጠርሙሱ ላይ "12" ተብሎ ከተጻፈ፣ በውስጡ ካሉት ውስኪዎች ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ዓመት ዋጋን የሚጨምርበት ምክንያት ነጋዴ በቀላሉ የሚረዳው ነው፤ የመጋዘን ወጪና ብክነት ነው። በስኮትላንድ በርሜል ውስጥ ያለው ውስኪ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ይተናል፤ "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። በዚህ ስሌት 100 ሊትር የገባበት በርሜል በ12 ዓመት ወደ 78 ሊትር፣ በ18 ዓመት ወደ 70 ሊትር ይወርዳል። ያም ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል።

ነገር ግን ዓመትና ዋጋ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ከጆኒ ዎከር ቤተሰብ ብላክ 12፣ ግሪን 15 ዓመት ተጽፎባቸዋል። ከሁለቱም የሚወደደው ብሉ ሌብል ግን ዓመት አልተጻፈበትም። "ሪዘርቭ"፣ "ስፔሻል"፣ "ኦልድ" የሚሉት ቃላትም በስኮች ደንብ የተወሰነ ዕድሜ አያመለክቱም፤ የሻጭ ቋንቋ ናቸው። እምብዛም የማይጠጣ ሰው የ12 እና የ18 ዓመቱን ልዩነት በምላሱ ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ በልዩነቱ የሚወጣው ገንዘብ የሚከፈለው ለተቀባዩ ሳይሆን ለሰጪው ኩራት ነው።

"ለልጄ ሰርግ ይቆይልኝ፣ እያደር ይጥማል" የሚሉም አሉ። ውስኪ ከወይን ይለያል። የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። የ12 ዓመቱ ጠርሙስ ቡፌ ውስጥ 10 ዓመት ቢቀመጥ ያው 12 ነው።

ትልቅ ጠርሙስ ሁሉ ትርፍ አይደለም

ውስኪ በአብዛኛው የሚመጣው በ70 ወይም በ75 ሳንቲ ሊትርና በ1 ሊትር ጠርሙስ ነው። ግማሹ 35 ሳንቲ ሊትር የሆነም አለ። ለምሳሌ ያህል፣ ለስሌት ብቻ፣ 70 ሳንቲ ሊትሩ 9 ሺህ ብር፣ 1 ሊትሩ 12 ሺህ ብር ቢጠየቅ፣ የመጀመሪያው በሊትር 12,857 ብር ስለሚሆን ትልቁ ይረክሳል። ለሰርግ ቤት ስሌቱ ትክክል ነው። እምብዛም ለማይጠጣ ሰው ግን አይሠራም።

40 ሚሊ ሊትር ውስኪ 16 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ ይህም 5 በመቶ አልኮል ካለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ልክ 70 ሳንቲ ሊትሩ ከ17 መለኪያ በላይ ይወጣዋል። በወር አንዴ ለሚቀምስ ሰው ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በላይ ይሄዳል። ከተከፈተና ከግማሽ በታች ከወረደ በኋላ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው አየር ጣዕሙን እያደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ከተገኘ ግማሽ ጠርሙስ የተሻለ ዓይነት ገዝቶ፣ ከሁለት ጥሩ ብርጭቆ ወይም ከአንድ ዕቃ ማር ጋር አሽጎ መስጠት ዓይን ይሞላል፤ አይባክንምም።

ሐሰተኛውን መለየት

ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ከነካርቶኑ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ከቆራሌው እጅ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም አያውቅም። የታወቀ ስም ያለው ጠርሙስ በርካሽ መጠጥ ተሞልቶ ሊመለስ ይችላል። ጉዳቱም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ከተማ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በሜታኖል ሳይመረዙ አልቀሩም በተባለ መጠጥ ሕይወታቸው አልፏል።

ገዥው ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ክዳኑ ሳይፈታ በጥብቅ መታሸጉን፣ ከጎኑ ካሉት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ጋር የመጠጡ ከፍታ እኩል መሆኑን፣ ሲገለበጥ ዝቃጭ አለመኖሩን፣ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ መለጠፉንና ጠርሙሱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አለመፋቁን ይመልከት። በእንግሊዝኛ "ውስኪ" የሚለው ቃል በስኮች ጠርሙስ ላይ የሚያልቀው በ"ኬ" እና በ"ዋይ" ነው፤ በመካከላቸው "ኢ" የሚጨምሩት አየርላንዶችና አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። ስኮች ነኝ የሚል ጠርሙስ "ኢ" ከጨመረ ያጠራጥራል። ሲንግል ሞልት ስኮች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2012 ወዲህ ወደ ውጭ የሚላከው በስኮትላንድ በጠርሙስ ታሽጎ ብቻ በመሆኑ፣ ሌላ አገር ታሸገ የሚል ከተገኘ መተው ነው። ከሌሎች ሱቆች በጣም የረከሰ ዋጋ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ደረሰኝ መቀበልም ለክርክር ይጠቅማል። ጠርሙሱ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ፍቆ መጣል ደግሞ ሌላውን ገዥ ከመታለል ያድናል።

ባለሱቁ ሊያስብበት የሚገባ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካደረጋቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል የአልኮል መጠጦች ይገኙበት ነበር። ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ማሻሻያ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጠርሙስ በየትኛው ጊዜ እንደገባ የዋጋ መሠረቱ ይለያያል። ገዥ በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቆ ማነጻጸሩ፣ ባለሱቅም ያስገባበትን ዋጋ መዝግቦ መያዙ ለሁለቱም ይበጃል።

በወረታ ያለ ባለሱቅ ለስጦታው ወቅት አንድ ለስላሳ ብሌንድድ፣ አንድ የአየርላንድና አንድ ቀላል ሲንግል ሞልት በጥቂት ቁጥር ቢይዝ ገንዘቡ ቶሎ ይዞርለታል። ጭስ የበዛበት ውድ ጠርሙስ አዋቂ ገዥ እስኪመጣ ድረስ ካፒታል ያስራል። ለማሳያ ተብሎ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ላይ መደርደርም ቀለሙንና ጣዕሙን ይጎዳል። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑም አይዘነጋ።

አሰጣጡና አቀማመሱ

ስጦታው ከአንድ ቃል መመሪያ ጋር ቢሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። የውስኪ ቀማሾች ራሳቸው ሲመረምሩ መጠጡን በውሃ ወደ 20 በመቶ ያወርዱታል፤ ሽታው በዚያ መጠን ይበልጥ ይገለጣልና። ስለዚህ "በውሃ ማቅጠን ነውር ነው" የሚለው የመጠጥ ቤት ወሬ ነው። ለማይለምድ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ውስኪና እኩል ውሃ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ቀስ እያሉ መጠጣት ይበቃል።

"በሞቴ!" እያሉ ሁለተኛና ሦስተኛ መቅዳት ግን ስጦታውን ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል አስታውቋል። ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚነዳ እንግዳ ካለ ደግሞ ጭራሽ ባይቀዳለት ይሻላል።

እንግዲህ ገዥ ወደ ሱቅ ከመግባቱ በፊት አምስት ጥያቄ ይመልስ፦ ሰውየው ይጠጣል ወይስ ጨርሶ አይቀምስም? ከሌሎች መጠጦች የትኛውን ይወዳል? የተመረጠው ውስኪ ጭስ አለው? ጠርሙሱን በስንት ጊዜ ይጨርሰዋል? ሻጩ ማን ነው፣ ደረሰኝስ ይሰጣል? አምስቱ ከተመለሱ መካከለኛ ዋጋ ያለው ጠርሙስ ከውዱ ይልቅ ያስመሰግናል። ካልተመለሱ ግን ገንዘቡ ማር ቢገዛበት ይሻላል።